በይሉኝታ የሚጠመድ ሰው

ማታለል ከንግድና ከገንዘብ ጋር አብሮ የኖረ ክፉ ሙያ ነው። በር ሳይሰብር፣ ጨለማ ሳይጠብቅ፣ የሰውን ሀብት በባለሀብቱ በራሱ እጅ እያስወጣ የሚወስድ ሌባ በየዘመኑ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች ከስፔን ተላከ እየተባለ የሚደርስ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነበር። ጸሐፊው በግፍ የታሰረ ሀብታም መሆኑን፣ በተሰወረ ስፍራ ብዙ ገንዘብ እንዳለው፣ ለማስፈቻ የሚሆን ጥቂት ወጪ ለሚሸፍንለት ደግ ሰውም ሀብቱን እንደሚያካፍለው በትሕትና ይገልጻል። እስረኛውም የለም፤ ሀብቱም የለም፤ እውነት የሆነው የሚላከው ወጪ ብቻ ነው። ይህ ማታለያ «የስፔን እስረኛ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ለማጥመድ ወረቀት፣ ቀለም፣ ቴምብርና የብዙ ሳምንታት ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ያው ደብዳቤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ለመቶ ሺህ ሰው ይደርሳል፤ የሚላክበትም ዋጋ ከምንም አይቆጠርም። ከመቶ ሺው መካከል አንዱ እንኳ ቢመልስ ላኪው አልከሠረም።

የዛሬውን ዓይነት ማታለል ፈረንጆቹ «ፊሺንግ» ይሉታል። ቃሉ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። መለመድ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አጭበርባሪዎች አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ሠራተኞች መስለው ደንበኞቹን የይለፍ ቃል ይጠይቁ በነበረበት ጊዜ ነው። በአማርኛ «ማጥመድ» ብንለው አይከፋም። ዓሣ አጥማጅ ዓሣውን እየተከተለ አያሯሩጥም፤ ዓሣው የሚወደውን ነገር መንጠቆው ላይ ሰክቶ በጸጥታ ይጠብቃል እንጂ። አጭበርባሪውም እንዲሁ የባንክን፣ የመሥሪያ ቤትን ወይም የዘመድን ስም መንጠቆው ላይ ሰክቶ ይጥላል። የሚፈልገው የይለፍ ቃሉን፣ የምሥጢር ቁጥሩን ወይም ባንኩ በስልክ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ራሱ ይመጣለታል።

ነገሩ ስለ ሩቅ አገር ብቻ የሚወራ አይደለም። በኬንያ ኤም ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላላኪያ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ ተከተለ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ የባንክ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ዛሬ ገንዘባቸውን በስልካቸው ይዘው ይዞራሉ። ይህ ታላቅ ጥቅም መሆኑን የሚክድ የለም። ወረፋ ቀርቷል፤ ገንዘብ በመቀነት ቋጥሮ መንገድ የሚሄድ ሰውም አንሷል። ይሁን እንጂ ቀድሞ በወፍራም ግንብና በዘበኛ ይጠበቅ የነበረው ካዝና አሁን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ሆኗል፤ ዘበኛውም እያንዳንዳችን ነን። ዘበኝነትን ግን ያስተማረን የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ሲነጋገሩ ከሚሰማው አስተያየት ብዙው የተበደለውን የሚወቅስ ነው። «ምን ያህል ሞኝ ቢሆን ነው?» ይባላል፤ «ያልለፋበትን ሲመኝ የለፋበትን አጣ» ይባላል። በበኩሌ ይህን አስተያየት አልቀበለውም። የሚታለለው ያልተማረና ስግብግብ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጉግልና ፌስቡክ የተባሉት ሁለት የዓለም ታላላቅ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአንድ የሊትዌኒያ ተወላጅ ባላስረከቡም ነበር። ሰውየው የተጠቀመበት ዘዴ ረቂቅ አልነበረም። ሁለቱ ድርጅቶች ዕቃ ይገዙበት ከነበረው የታይዋን ኩባንያ ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው ሌላ ኩባንያ በላትቪያ አስመዘገበ፤ በዚያም ስም የባንክ ሒሳብ ከፈተ፤ ቀጥሎም ሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያዎችን በኢሜይል ላከ። የሒሳብ ሠራተኞቹ የሚያውቁትን ስም አይተው ከፈሉ። ሰውየው በኋላ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እነዚያ የሒሳብ ሠራተኞች ሞኞች አልነበሩም፤ ለራሳቸው የተመኙትም ነገር አልነበረም። ሥራቸውን በጊዜው ለመፈጸም የሚጣጣሩ ትጉሃን ነበሩ፤ የተያዙትም በዚሁ ትጋታቸው ነው።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። መንጠቆው የሚሰካው በክፉ ጠባያችን ላይ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በመልካም ጠባያችን ላይ ነው። በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ለአጥማጅ የሚመቸው መልካም ጠባይ ይሉኝታ ነው።

ለምሳሌ በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረችሩ አንዲት እናትን እናስብ። ረፋዱ ላይ ገበያው ደርቶ፣ ሁለት ደንበኞች ከፊታቸው ቆመው ሳለ ስልካቸው ይጮሃል። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችስ ደኅና ናቸው?» ይላል አንድ ለስላሳ የወጣት ድምፅ። ከባንክ እንደሚደውል ይናገራል፤ የባንኩንም ስም ይጠራል። ሒሳባቸው ስላልታደሰ ከቀትር በኋላ እንደሚዘጋ፣ እሱ ግን በዚህ ፀሐይ ቅርንጫፍ ድረስ እንዳይንገላቱ በማሰብ በስልክ ሊያድስላቸው እንደ ፈለገ ያስረዳቸዋል። «አሁን በስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥሮች ይመጣሉ። እነሱን ብቻ ያንብቡልኝ። ማንበብ ካስቸገረዎት አጠገብዎ ያለ ሰው ያንብብልዎት። እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ።» ቁጥሩ እንደ ተባለው ይመጣል። በእናትየዋ ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ብልጭ ይላል። ነገር ግን እንዲህ አክብሮ የሚያናግርን የሰው ልጅ «አላምንህም» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት እንዴት ይቻላል? በዚያ ላይ ደንበኞቹ ቆመዋል። ከቆሙት አንደኛዋ ስልኩን ተቀብላ፣ ለእናትየዋ የረዳች መስሏት፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ታነባለች።

በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የሆነውን ነገር መርምሮ ማየት ይገባል። ቁጥሩን የላከው እውነተኛው ባንክ ነው፤ ያስላከው ግን ደዋዩ ነው። እናትየዋን በሚያነጋግርበት ጊዜ በሌላ ስልክ የእሳቸውን ሒሳብ ለመክፈት እየሞከረ ነበር፤ ባንኩም «ይህን የምትጠይቀኝ ባለቤቱ ነህን?» ለማለት ማረጋገጫውን ወደ እናትየዋ ስልክ ላከ። ስለዚህ ቁጥሩ የባንኩ ጥያቄ ነው፤ ያን ቁጥር ለሌላ ሰው ማንበብም «አዎን፣ እሱ እኔ ነው» ብሎ መመስከር ነው። በአብዛኛው እንዲህ ያለው መልእክት «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ነገር ግን በጥድፊያ መካከል ሰው የሚያነበው የተጠየቀውን ብቻ ነው። እናትየዋ ምንም ሽልማት አልተባሉም፤ ምንም ትርፍ አልተመኙም። የተያዙት «እማማ» በሚለው ቃል፣ የቆሙትን ደንበኞች ላለማስጠበቅ በነበራቸው ሐሳብና ሰውን ላለማስቀየም ባላቸው ጠባይ ነው።

ይህ በገበያ እናት ላይ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ቢኖር፣ ያን ጊዜ ትዊተር ይባል በነበረው ድርጅት ላይ እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 2020 የደረሰውን ያስታውስ። በወረርሽኙ ምክንያት ሠራተኞቹ ከየቤታቸው ይሠሩ ነበር፤ ከሩቅ ሆኖ የድርጅቱን ኮምፒዩተር ለማግኘት የሚያስችለው መስመርም አዘውትሮ ያስቸግራቸው ነበር። አጭበርባሪዎች የድርጅቱ የኮምፒዩተር ረዳት ክፍል ሠራተኞች መስለው ደወሉላቸው፤ «ችግርዎን ልናቃልልዎት ነው» ብለው ከእውነተኛው ጋር ወደሚመሳሰል ሐሰተኛ ገጽ መሯቸው። ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን በሐሰተኛው ገጽ ሲጽፉ አጭበርባሪዎቹ በዚያችው ቅጽበት በእውነተኛው ገጽ ይጽፉ ነበር፤ ማረጋገጫ ሲጠየቅም አንዳንዶቹ ሠራተኞች ራሳቸው አረጋገጡ። በዚህ ዘዴ የባራክ ኦባማን፣ የጆ ባይደንን፣ የቢል ጌትስንና የሌሎች ታዋቂ ሰዎችን ገጽ ያዙ፤ «የምትልኩልኝን ገንዘብ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት በስማቸው አውጥተው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰቡ። የድርጊቱ ዋና መሪ ሆኖ የተከሰሰውና በኋላም ጥፋቱን ያመነው ሰው ያን ጊዜ ዕድሜው 17 ዓመት የነበረ የፍሎሪዳ ወጣት ነው። የኮምፒዩተር ዕውቀት ብቻውን ጋሻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሠራተኞች ባልተደፈሩ ነበር።

ይሉኝታ ብዙ መልክ አለው። ለታማኝነት የሚጥል መንጠቆ አለ። በኬንያም በኢትዮጵያም አንድ ሰው ገንዘብ እንደ ተላከለት የሚገልጽ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «ለታመመች እናቴ ስልክ ቁጥር ተሳስቼ ነው የላክሁት፤ እባክህ ወንድሜ መልስልኝ» ይላል። መልእክቱ ከአገልግሎቱ የመጣ እንዲመስል የተጻፈ ሐሰት ነው፤ ወደ ሒሳቡ የገባ ገንዘብ የለም። ታማኙ ሰው ግን የሰው ገንዘብ በእጁ ማደሩ እየከነከነው ከራሱ ገንዘብ ላይ ይልካል። ሒሳቡን ከፍቶ ቀሪውን ቢያይ ኖሮ ነገሩ በግማሽ ደቂቃ ይለይ ነበር። ለወዳጅነት የሚጣልም አለ። ከምናውቀው ሰው የቴሌግራም ስም «እባክህ፣ የእኅቴ ልጅ ተወዳድራለችና ድምፅ ስጥልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ቀጥሎ ስልክ ቁጥርና የመጣልንን ቁጥር እንድንጽፍ እንጠየቃለን። የጓደኛችን ገጽ ከተነጠቀ ቆይቷል፤ የሚያነጋግረን ነጣቂው ነው፤ በእኛ ስም ደግሞ ነገ የእኛን ወዳጆች ያነጋግራል። በዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በመኖሪያ ፈቃዳቸው ይፈራሉ፤ መንጠቆውም «ፈቃድህ ሊሰረዝ ነው፤ የባንክ ካርድህ ሊዘጋ ነው» የሚል ነው። ፍርሃታቸው እውነተኛ ስለሆነ ማስፈራሪያው እውነተኛ ይመስላቸዋል።

ስለ ዲቪ ሎተሪ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን በየዓመቱ ስንት ቤተሰብ በተስፋ ሲጠብቀው እንደ ኖረ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕድለኞችን በኢሜይል እንደማያሳውቅ፣ ገንዘብም በሐዋላ እንዲላክለት እንደማይጠይቅ፣ ውጤቱ የሚታወቀው አመልካቹ ራሱ የማመልከቻ ቁጥሩን ይዞ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ሲመለከት ብቻ መሆኑን ለብዙ ዓመታት ሲያሳስብ ቆይቷል። «እንኳን ደስ አለዎ» የሚለው ኢሜይል ግን ንስር የተሳለበት ማኅተም ይዞ ይመጣ ነበር። ማኅተም ማየት በእኛ ዘንድ እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው ማንም ያውቃል፤ በማንኛውም ቢሮ «ማኅተም አለው ወይ?» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው የለምና። በኮምፒዩተር ላይ ግን ማኅተም ሥዕል ብቻ ነው፤ ማንም ይቀዳዋል።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ምሳሌው እውነትነት ቢኖረውም ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው አይመነጠር ይሆናል፤ ነገር ግን ዕድር አይገባም፤ ዕቁብ አይጥልም፤ ለጎረቤቱ ገንዘብ አያበድርም። እንዲህ ያለ ኅብረተሰብ ሳይሰረቅም ደሃ ነው። ስለዚህ ለወጣቶች «ማንንም አትመኑ» ብሎ ማስተማር ጉዳት አለው። የሚበጀው ሰውየውን ሳይሆን ነገሩ የመጣበትን መንገድ መጠርጠር ነው። ደዋዩ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ይህን በድምፁ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ስልኩን በትሕትና ዘግቶ፣ በባንክ ደብተሩ ወይም በካርዱ ጀርባ ወደ ተጻፈው ቁጥር ራሱ የደወለ ሰው ግን መለየት አያስፈልገውም። ደዋዩ እውነተኛ ከሆነ ጉዳዩ በዚያ በኩል ይገኛል፤ ሐሰተኛ ከሆነም ማንንም ሳይሰድቡ ተገላገሉት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ» ማለት ስድብ አይደለም። እውነተኛው ሠራተኛ በዚህ ቃል አይቀየምም፤ የሚቀየም፣ የሚያጣድፍ፣ «ስልኩን ከዘጉ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው» የሚል ደዋይ ቢኖር ማንነቱን በራሱ አፍ ነገረን። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ በስልክ የፈሰሰ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀም አይደለም።

የቋንቋ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለ፤ እሱም አስተውሎ ማንበብ ነው። የድረ ገጽ አድራሻን እንመልከት። አድራሻው ከግራ ወደ ቀኝ በነጥብ እየተለያየ ይጻፋል፤ ባለቤቱ ግን የሚታወቀው መጀመሪያ ላይ ባለው ቃል አይደለም። «ባንካችን ነጥብ ሽልማት ነጥብ ኮም» የሚል አድራሻ ቢመጣ ገጹ የባንካችን አይደለም፤ የ«ሽልማት» ነው። እንደ «ኮም» ወይም እንደ «ኮም ነጥብ ኢቲ» ካለው ማብቂያ አስቀድሞ ያለው ቃል የባለቤቱ ስም ነውና። ከእኛ አሰያየም ጋር ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያውን ስም ማንም እንደ ወደደ ያወጣል፤ ልጁ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን ቀጥሎ ባለው በአባቱ ስም ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ልዩ ልዩ በመሆኑ እንቸገራለን። በላቲን ፊደል ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ኦ የሚባለው ፊደልና የዜሮ ቁጥር መልካቸው አንድ ይመስላል፤ አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ። የሚጣደፍ ዐይን ይህን አያይም።

የአንድ ቃል ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በማርች ወር 2016 በአሜሪካ የሆነው ነው። የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ለጆን ፖዴስታ ከጉግል የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው፤ የይለፍ ቃላቸውን ባስቸኳይ እንዲለውጡ ይጠይቃል። ረዳቶቻቸው ጠርጥረው የኮምፒዩተር ባለሙያ ጠየቁ፤ ይህም እጅግ ትክክለኛ ሥራ ነበር። ባለሙያው ግን «ሕጋዊ ያልሆነ» ለማለት አስቦ «ሕጋዊ» ብሎ እንደ ጻፈ በኋላ ተናግሯል። እውነተኛውን የጉግል አድራሻም አብሮ ልኮ ነበር፤ የተነካው ግን የሐሰተኛው ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሊቀ መንበሩ ኢሜይሎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው በዊኪሊክስ አማካይነት ለዓለም ተሰራጩ።

ቀድሞ ሐሰተኛ መልእክት በሰዋስው ስሕተቱ ይታወቅ ነበር። በአማርኛ የሚመጣው ደግሞ ተባዕትና አንስት የተደባለቀበት፣ አንተና እርስዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገናኙበት አስቂኝ ጽሑፍ ነበር። ይህን ምልክት ብቻ ተመክቶ መኖር ከእንግዲህ አይቻልም። በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ያማረ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ በጥቂት ደቂቃ የተቀዳ ድምፅ ላይ ተመሥርቶም የአንድን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይናገራል። የልጃቸው ድምፅ በስልክ «ታስሬአለሁ፤ ገንዘብ ላኪልኝ» ሲል የሚሰሙ እናት ምን ያድርጉ? እዚህም ላይ መልሱ ያው ነው፤ ዘግተው በሚያውቁት የልጃቸው ቁጥር ይደውሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች በመካከላቸው ብቻ የሚታወቅ አንድ የምልክት ቃል አስቀድመው ይስማማሉ፤ ይህም ብልህነት ነው። የልጅነት ቅጽል ስም ወይም የሞተች ላም ስም ቢሆን ይበቃል፤ በፌስቡክ ላይ ያልተጻፈ እስከሆነ ድረስ።

ጥፋቱን ሁሉ በሕዝቡ ጫንቃ ላይ መጣል ግን ፍርድ ማዛባት ይሆናል። ሕዝቡን ለመጠመድ የሚያሠለጥኑት አንዳንድ ጊዜ ራሳቸው ድርጅቶቹ ናቸው። አንድ ድርጅት ዛሬ «ከማይታወቅ መልእክት ውስጥ ማስፈንጠሪያ አትንኩ» ብሎ በሬዲዮ ያስተምራል፤ ነገ ለበዓል የሽልማት ማስታወቂያ ማስፈንጠሪያ ያለበት መልእክት ለደንበኞቹ ሁሉ ይልካል። ሠራተኞቹ ከግል ስልካቸው ይደውላሉ፤ ደንበኛው መልሶ የሚደውልበት ቁጥር ደግሞ ሙዚቃ እያሰማ ሃያ ደቂቃ ያስጠብቃል። ሰው ራሱ ደውሎ እንዲያረጋግጥ የሚመክር ተቋም፣ ሲደወልለት ስልኩን የሚያነሣ ሰው ማስቀመጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ምክሩ ፌዝ ነው። የሚልኩት መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ባጠቃላይ ደንበኛው በሚሰማው ቋንቋ መጻፍ ይኖርበታል፤ «ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደንበኛው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ ቢደርስ ማንን ይጠብቃል?

ወደ ተበደለው ሰው ልመለስ። «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፤ አንዴ ሳያየው፣ አንዴ ሲያሳይ» የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ምሳሌው ቃል በቃል ይፈጸማል። ገንዘቡን አጥቶ በየማኅበራዊ መገናኛው የሚጮህን ሰው የሚከታተሉ ሌሎች አጭበርባሪዎች አሉ፤ «የጠፋውን ገንዘብህን አስመልሳለሁ፤ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ክፈል» ብለው ሁለተኛ ይነክሱታል። እባቡ እንዲህ በቀላሉ የሚመለሰው የተነከሰው ሰው ብቻውን ስለሆነ ነው፤ ብቻውን የሚያደርገውም የእኛ ሳቅ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለልና የሌላውን ማንነት መስረቅን በወንጀል ያስቀጣል። ሕጉ ግን የሚሠራው የሚከስስ ሲኖር ነው። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፉ በፊት ለባንኩ ወዲያው የደወለ ሰው ሒሳቡን የማሳገድ ዕድል አለው፤ መልእክቱን ሳይሰርዝ፣ የደወለውን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፎ ወደ ፖሊስ የሄደ ሰው ደግሞ ማስረጃ ይዞ ሄዷል።

እነዚያ የጉልት እናት ማታ ቤታቸው ገብተው ነገሩን ለልጆቻቸው ቢነግሩ ምን ይባላሉ? የመጀመሪያው መልስ «እንዴት ቁጥሩን ትሰጪያለሽ?» የሚል ከሆነ እናትየዋ ከዚያ በላይ አይናገሩም። ስልካቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ይተኛሉ፤ ባንኩ አይነገረውም፤ ፖሊስ አይነገረውም፤ ደዋዩም በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከዚያው ጉልት ለሌላ ነጋዴ «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል። የመጀመሪያው መልስ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወለው? ቁጥሩን አሳዪኝ፤ አሁን ለባንኩ እንደውል» የሚል ከሆነ ግን ጊዜው ገና አላለፈ ይሆናል።